ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መርዝ የተከማቸበትን መጋዘን ስለ ማጽዳት

እንደሚታወቀው፣ አንበጣ፣ ተምችና ግሪሳ ወፍ በሰብል ላይ በሚነሡበት ጊዜ ፀረ ተባይ መድኃኒት ወደ ገጠር በብዛት ይላካል። መንጋው ካለፈ በኋላ ግን ያልተረጨው መድኃኒት በየመጋዘኑ ይቀራል። በርሜሉ ይዝጋል፤ ማኅተሙ ይለቃል፤ መርዙም ወደ አፈሩ ይሰርጋል። በአገራችን በዚህ ሁኔታ የተከማቸው መርዝ ወደ 3000 ቶን እንደሚጠጋ ተገምቶ፣ የግብርና ሚኒስቴርና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 የማስወገድ ሥራ ጀምረዋል። የተሰበሰበው መርዝ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኳል።

ጉዳዩ የርዳታና የሰፈራ ሠራተኞችን በቀጥታ ይመለከታል። ውኃ ከሩቅ ለሚቀዳ ሰፋሪ ቤተሰብ አንድ ባዶ በርሜል ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ መርዝ የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃም ሆነ ለእህል መያዣ ሊሆን አይችልም። እንደ ዲዲቲና ሊንዴን ያሉት መርዞች በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፤ በምግብ በኩልም ወደ ሰው አካል ይገባሉ።

ስለሆነም የተተወ መጋዘን ሲገኝ የሚከተለው ቅደም ተከተል ሊጠበቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ቦታውን ማጠርና የአደጋ ምልክት ማድረግ፤ ሕፃናትና ከብቶች እንዳይጠጉ ጠባቂ ማቆም።

ሁለተኛ፣ የመርዙን ስም፣ መጠንና የመያዣውን ሁኔታ መመዝገብ፤ ስሙ የጠፋውን ሳይነኩ «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ።

ሦስተኛ፣ በአቅራቢያው የሚገኘውን የውኃ ጉድጓድ ማስመርመር፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ለሕዝቡ ከሌላ ሥፍራ ውኃ ማቅረብ።

አራተኛ፣ የፈሰሰውንና የተበከለውን አፈር ወደ አዲስ በርሜል የማዛወሩን ሥራ፣ መከላከያ ልብስ፣ ጓንትና የመተንፈሻ መሸፈኛ ላላቸው ሥልጡን ሠራተኞች ብቻ መተው።

መርዙን መቅበር የከርሰ ምድርን ውኃ ይበክላል። በሜዳ ላይ ማቃጠል መርዛም ጭስ ያስነሣል። በውኃ ማጠብም መርዙን ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ሦስቱም አደጋውን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ማዛወር እንጂ ማጽዳት አይደሉም።

በመጨረሻም፣ ለሰፈራ ቦታ ሲመረጥ የአፈሩ ልማትና የውኃው ርቀት ብቻ ሊጠየቅ አይገባም። በሥፍራው ቀደም ሲል ምን ተከማችቶ እንደነበረ የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። ድርቅን ሸሽቶ የመጣን ሕዝብ በመርዝ ላይ ማስፈር ከአንድ መከራ ወደ ሌላ መከራ ማሸጋገር ነውና።