የተተከለ አበባ እንዲያብብ

ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡና ከበስተኋላው የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

ኪሌሌሽዋ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሚገኝ የመኖሪያ ሠፈር ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ባይርቅም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ወይናደጋ ነው። አፈሩ ቀይና ጥልቅ ነው፤ ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሚኖር ሰው የተከለው ሁሉ የሚያብብለት ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ልምላሜና አበባ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ለዚህ ፒዮኒ የተባለው ተክል ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ፒዮኒ ቻይናውያን ከሺህ ዓመት በላይ ሲንከባከቡት የኖሩ፣ አበባው ትልቅና ድርብርብ የሆነ ተክል ነው። በተፈጥሮ የሚበቅልባቸው አገሮች ክረምት እንደ እኛ አገር የዝናብ ወቅት ሳይሆን የበረዶ ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ ግንዱና ቅጠሉ ደርቆ ሥሩ ብቻ ከአፈር በታች ያርፋል። ለብዙ ሳምንታት የዘለቀ ቅዝቃዜ ካላገኘም በሚቀጥለው ወቅት አበባ ሊሰጥ አይችልም። በሚስማማው አገር እንኳ አዲስ የተተከለ ፒዮኒ ብዙውን ጊዜ እስከ ሁለትና ሦስት ዓመት ሳያብብ ይቆያል። በሥሩ ላይ ያሉት ዓይኖች ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ጠልቀው ከተቀበሩ ደግሞ ቅጠል ብቻ ያወጣል።

በኪሌሌሽዋ ግን ችግሩ የአተካከል ብቻ አይደለም። ከወራት ሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው በሐምሌ እንኳ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እምብዛም አይወርድም። ስለዚህ ተካዩ ውኃና ፍግ ቢያበዛ የጎደለውን ብርድ ሊተካለት አይችልም። የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭም ቢሆን ሌሊት ወርዶ ፀሐይ ስትሞቅ የሚጠፋ ነው፤ ፒዮኒ የሚሻው ግን ቀንና ሌሊት የማያቋርጥ ብርድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከኪሌሌሽዋ አጠገብ ያለው የናይሮቢ የዛፎች መናፈሻ በ1907 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ከውጭ የመጡ ዛፎች ለአገሩ አየርና አፈር ይስማሙ እንደ ሆነ ለመፈተን ነበር። አበባ ተካይም እንዲሁ አስቀድሞ የተክሉን ጠባይና የአገሩን አየር ማመዛዘን አለበት። ለደጋና ለወይናደጋ አየር ከሚስማሙት አበቦች አንዱ ጽጌረዳ ነው። በናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ፣ በኢትዮጵያም በዝዋይና በሆለታ የሚመረተው ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ ገበያ ይላካል። በአገራችን ተራሮች ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ባለ ነጭ አበባው ቀጋም የጽጌረዳ ወገን ነው።

አዲስ የተተከለ ጽጌረዳ እንዲያብብ የሚከተሉትን መፈጸም ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ቢያንስ ለ6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መምረጥ ይገባል። ቀጥሎም ዝናቡ ሲጀምር ጥልቀቱም ስፋቱም 50 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ አፈሩን በሚገባ ከበሰበሰ ፍግ ጋር መደባለቅ ነው፤ ያልበሰበሰ ፍግ ሥሩን ያቃጥላልና። ውኃው በማለዳ ከሥሩ ይጠጣ እንጂ ቅጠሉ ረጥቦ አይደር፤ ርጥበት ሻጋታ ያመጣል። ፍግ ያለ መጠን ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ያበዛል፤ አበባው ግን ያንሳል። የመጀመሪያዎቹን እምቡጦች መቅጠፍ ምንም ዓይንን ቢያሳሳ ተክሉ ኃይሉን ለሥሩ እንዲያውል ይረዳዋል። ከጸና በኋላም የጠወለገውን አበባ ወደ ውጭ ከሚመለከት ዓይን በላይ መቁረጥ ያስፈልጋል። አለዚያ ጉልበቱን ፍሬ በማፍራት ይጨርሰዋል። በዚህ ዓይነት የተገረዘ ጽጌረዳ አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ያብባል።

እንግዲህ አበባን የሚያስገኘው ድካም ብቻ አይደለም። ድካም ከዕውቀት ጋር ካልተባበረ ለፒዮኒ የፈሰሰው ውኃ እንደ ሆነው በከንቱ ይቀራል። የተክሉን ጠባይ መርምሮ፣ ለአገሩ የሚስማማውን መርጦ፣ ሥሩ እስኪጸና የሚታገሥ ሰው ግን የድካሙን ዋጋ ያገኛል።

መልመጃ

ሀ. ለሚከተሉት ቃላት እንደ ምንባቡ ፍቺ ስጡ።
ልምላሜ፣ ውርጭ፣ ፍግ፣ እምቡጥ፣ መግረዝ

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. በኪሌሌሽዋ የተተከለ ፒዮኒ ለማበብ የሚያስቸግረው ለምንድን ነው?
2. «ክረምት» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ የተነጻጸሩት ሁለት ትርጉሞች ምንና ምን ናቸው?
3. የመጀመሪያዎቹ እምቡጦች የሚቀጠፉት ስለ ምንድን ነው?

ሐ. «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ሐሳብ ጋር በማዛመድ አንድ አንቀጽ ጻፉ።