መከታተያው እና የሽያጭ መዝገቤ አልገጥም አሉኝ

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ሆኜ ጋቢና የአምባሰል ማር በድረ ገጽ እሸጣለሁ። ጉግል አናሊቲክስና የፌስቡክ ፒክስል ካስገባሁ ወዲህ አናሊቲክሱ ከሸጥኩት ያነሰ፣ ፒክስሉ ደግሞ እጥፍ ያሳየኛል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለገንዘቡ የትእዛዝ መዝገብዎን ይመኑ፤ መከታተያ አዝማሚያ ያሳያል እንጂ ሒሳብ አይዘጋም።

እጥፍ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ሁለቴ ሲገባ ነው፤ አንዴ በፕለጊን፣ አንዴ በእጅ። አንዱን ያውጡት።

የማነሱ ነገር ግን ውስብስብ ነው። ሽያጩን የሚቆጥረው ኮድ የሚሠራው «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ሲከፈት ነው። ደንበኛው በቴሌብር ከፍሎ ስልኩን ኪሱ ከከተተ ገጹ አይከፈትም፤ ማሩ ተሸጧል፣ አናሊቲክሱ ግን አላየም። እስቲ ራስዎ አንድ ጠርሙስ አዝዘው፣ ከፍለው፣ ወደ ገጹ ሳይመለሱ ይሞክሩት። ማስታወቂያ የሚያግዱ ብራውዘሮችም ጥቂት ይቀንሳሉ።

መፍትሔው ክፍያው ሲረጋገጥ ሽያጩ በቀጥታ ከሰርቨሩ እንዲላክ ማድረግ ነው። ይህ የክፍያ ኮድ ስለሚነካ ለድረ ገጽ ባለሙያ ቢሰጡት ይሻላል።

የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለም፣ ምን መረጃ እንደሚሰበስቡ ለደንበኞችዎ በግልጽ ያሳውቁ።