ያልታቀደ እርግዝና በአሥራዎቹ ዕድሜ፦ ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ

ቶሮንቶ፦ በዳንፎርዝ ጎዳና አካባቢ በሚሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ዘንድ ስለ ልጆች ትምህርት በስፋት ይወራል። ስለ ያልታቀደ እርግዝና ግን፣ ቢወራም በሹክሹክታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ በዚህ ጉዳይ መዘግየት ምን እንደሚያስከትል ሳይንሱ በግልጽ ያሳያል።

የእርግዝና ምልክት የሆነው ኤች ሲ ጂ የተባለ ሆርሞን ነው። ጽንሱ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ፣ ኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሕዋሳት ያመነጩታል። ከፋርማሲ በሚገዛው መመርመሪያ ውስጥ ሽንት በስስ ወረቀት እየተሳበ ይጓዛል። በመንገዱም ሆርሞኑ ቀለም ካላቸው ደቃቅ ቅንጣቶች ጋር ይያያዛል፤ በመመርመሪያው መስመር ላይ ሲያዝም ቀለሙ ይታያል። ሌላኛው መስመር መሣሪያው በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ ነው፤ እርሱ ካልታየ ውጤቱ አይታመንም።

ሆኖም በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይታ ትመረመራለች። የወር አበባ ከጀመረ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ዑደቱ ስለሚዛባ መቅረቱ ወዲያው አያስጠረጥራትም። ማቅለሽለሹን ለጨጓራ፣ ድካሙን ለፈተና ትሰጠዋለች። ስትጠረጥርም ፍርሃትና ይሉኝታ አፏን ይይዟታል፤ ሰፊ ልብስ ትለብሳለች፣ ከጓደኞቿ ትርቃለች፣ «ነገ እናገራለሁ» እያለች ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ መካከል የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ለዚህ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ ደግሞ አስቀድሞ ሊወሰድ የሚገባው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ እናቶች ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ይልቅ ለኤክላምፕሲያና ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት የማሕፀን ኢንፌክሽን የተጋለጡ ናቸው። ሕፃናቱም ያለ ጊዜያቸው ወይም በአነስተኛ ክብደት የመወለዳቸው ዕድል ከፍ ይላል። ክትትሉ በጊዜ ከተጀመረ ግን ደም ማነስና የደም ግፊት ቀድመው ይደረስባቸዋል።

ችግሩ የአገር ቤትም ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። በገጠር 15 በመቶ፣ በከተማ 5 በመቶ ነበር።

በቶሮንቶ ግን ልጅቷ ብቻዋን እንድትቀር የሚያስገድድ ነገር የለም። ጋዜጠኛዋ ጁን ካልዉድ በ1982 ያቋቋመችው የጄሲስ ማዕከል ለነፍሰ ጡርና ለወለዱ ወጣቶች የጤና አገልግሎትን፣ ትምህርትንና የሕፃናት እንክብካቤን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ነው። በኦንታሪዮ ሕግ ለሕክምና ፈቃድ የዕድሜ ወሰን የለም፤ ልጅቷ የሚነገራትን ከተረዳች ውሳኔው የእርሷ ነው፣ ምስጢሯም ይጠበቃል። ጥቃት ሲጠረጠር ግን ባለሙያው ለሕፃናት ጥበቃ ተቋም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ልጁን ማሳደግ፣ ለጉዲፈቻ መስጠት ወይም እርግዝናውን ማቋረጥ በሕግ የተፈቀዱ ናቸው፤ ለማናቸውም ቢሆን ቀድሞ ባለሙያ ማማከር ይጠቅማል።

ይህ ሕግ አንዳንድ ወላጆችን ያስከፋ ይሆናል። ነገር ግን ለነርስ የተናገረች ልጅ ለእናቷ ለመናገርም ድፍረት ታገኛለች፤ ብዙ ጊዜ ነርሷ ራሷ በንግግሩ ላይ አብራት ልትቀመጥ ትችላለች።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ስትነግራችሁ መጀመሪያ የምትሰሙት ወሬውን ሳይሆን እርሷን ይሁን። ደኅንነቷን ጠይቁ፤ ያስገደዳት ሰው እንዳለ በእርጋታ አጣሩ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ አብራችኋት ሂዱ። ቁጣው ሊቆይ ይችላል፤ እርግዝናው ግን አይቆይም።