ሁለት ነጥብ፣ አንድ መስመር፣ ስንት ክብ?

ዛሬ የማቀርብላችሁ የሒሳብ ጽሑፍ ነው። «ሒሳብ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት! ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተርና ኮምፓስ ያዙና አብረን እንሥራ። ኮምፓስ የሌለው እርሳሱ ላይ ክር አስሮ መሥራት ይችላል።

ጥያቄው ይኼ ነው፦ አንድ ቀጥታ መስመርና ከመስመሩ በላይ ሁለት ነጥቦች ተሰጥተውናል። በሁለቱም ነጥቦች የሚያልፍ፣ መስመሩንም የሚነካ ክብ ሳሉ። ስንት ክብ ይገኛል?

1. መንካት ማለት ምን ማለት ነው?

የብስክሌት ጎማ ደረቅ ሜዳ ላይ ሲቆም መሬቱን የሚነካው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ክብም መስመርን ነካ የሚባለው በአንድ ነጥብ ብቻ ሲገናኙ ነው። በሁለት ነጥብ ከተገናኙ ክቡ መስመሩን ቆረጠው እንጂ ነካው አይባልም። ደግሞ ከማዕከሉ እስከሚነካበት ነጥብ ብናሰምር ከመስመሩ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ስለዚህ ክብ መስመርን የሚነካው ከማዕከሉ እስከ መስመሩ ያለው ርቀት ከሬዲየሱ ጋር እኩል ሲሆን ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ጥያቄው የሚፈታው በእሷ ነው።

2. ማዕከሉን የት እንፈልገው?

በሁለት ነጥቦች የሚያልፉ ክቦች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ማዕከላቸው ግን የትም አይደለም፤ ከሁለቱም ነጥቦች እኩል መራቅ አለበት። ስለዚህ ማዕከሎቹ በሙሉ የሚገኙት ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘውን መስመር እኩል ለሁለት በሚከፍለው ቀጤ ነክ መስመር ላይ ነው። እኔ ይህንን «የማዕከሎች መንገድ» እለዋለሁ። የቀረን ሥራ ከዚህ መንገድ ላይ ትክክለኛውን ማዕከል መምረጥ ብቻ ነው።

3. ቀላሉን እንሥራ

አንድ አግድም መስመር አስምሩ። በላዩ ላይ ነጥብ «መ»ን አድርጉ (መገናኛ ለማለት ነው)። ከ«መ» ወደ ላይ ቀጤ ነክ መስመር አቁሙ። በዚህ ቋሚ ላይ ከ«መ» 2 ሳንቲ ሜትር ቆጥራችሁ «ሀ»ን፣ 8 ሳንቲ ሜትር ቆጥራችሁ «ለ»ን ጻፉ።

የ«ሀ» እና የ«ለ» መካከል 5 ላይ ነው። ስለዚህ የማዕከሎች መንገድ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከአግድሙ መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ ይሄዳል። እንግዲህ ማዕከሉ መንገዱ ላይ የትም ይሁን፣ ከመስመሩ የሚርቀው 5 ነው። ሬዲየሱም የግድ 5 ነው ማለት ነው!

አሁን ኮምፓሱን 5 ሳንቲ ሜትር ክፈቱ። ሹሉን «ሀ» ላይ ተክላችሁ የማዕከሎችን መንገድ ቁረጡ። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይቆርጠዋል። ሁለት ማዕከል፣ ሁለት ክብ!

ይህንን በቡድን ስንሠራው ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን በቀኝ ሣልን፣ ግማሾቻችን በግራ። አንዱ ልጅ «ያንተ ስህተት ነው» ብሎ ላጲስ አንሥቶ የጓደኛውን ሊያጠፋበት ነበር። ቆይ ብለን ሁለቱንም በማስመሪያ ለካናቸው። ሁለቱም በ«ሀ» ያልፋሉ፣ ሁለቱም በ«ለ» ያልፋሉ፣ ሁለቱም መስመሩን ይነካሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፈተና ላይ «ስንት ክብ አለ?» ተብሎ አንዱን ብቻ ስሎ ያቆመ ሰው ግማሹን መልስ ትቶታል።

4. ቋሚው ቢያዘነብልስ?

በመጀመሪያ የሣላችሁትን እዩ። ክቡ መስመሩን የነካበትን ነጥብ «ነ» እንበለው። ከ«መ» እስከ «ነ» ለኩ። 4 ሳንቲ ሜትር ነው። 4 × 4 = 16። 2 × 8 = 16። እንዴ! አጋጣሚ ይሆን?

አይደለም። የግሪኩ ሊቅ ዩክሊድ «ኤለመንትስ» በተባለው ሥራው ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ይህንን አረጋግጦታል። ከ«መ» እስከ «ሀ» ያለውን ርዝመት ከ«መ» እስከ «ለ» ባለው ርዝመት ብናበዛ፣ ከ«መ» እስከ «ነ» ያለው በራሱ ሲባዛ ከሚሰጠው ጋር ሁልጊዜ እኩል ነው። መስመሩ ቢያዘነብልም ሕጉ አይለወጥም።

እስቲ እንሞክረው። አሁን ከ«መ» ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ወደ ቀኝ አዘንብሎ ከአግድሙ ጋር 60 ዲግሪ ይሥራ። «ሀ» እንደገና በ2፣ «ለ» በ8 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁኑ። የማዕከሎች መንገድም አሁን ያዘነበለ ስለሆነ ሬዲየሱን ቀድመን ማወቅ አንችልም። ግን ሕጉ አለልን፦
ሀ) ከ«መ» በቀኝ 4፣ በግራም 4 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ሁለት «ነ» አድርጉ።
ለ) በእያንዳንዱ «ነ» ላይ ከመስመሩ ቀጤ ነክ አቁሙ።
ሐ) ቀጤ ነኩ የማዕከሎችን መንገድ የሚያገኝበት ቦታ ማዕከል ነው። ኮምፓሱን ከዚያ እስከ «ነ» ክፈቱና አዙሩ።

የቀኙ ክብ ሬዲየስ 3.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የግራው 8 ገደማ ይመጣል። አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ፤ ግን ሁለቱም መልስ ናቸው። ትልቁ በአንድ የደብተር ገጽ ላይ አይበቃምና ሁለት ወረቀት አያይዙ። ወይም ሜዳ ወጥታችሁ በገመድና በካስማ በሜትር ሥሩት፤ በጣም ያምራል።

5. ሁልጊዜ ሁለት ነው?

አይደለም! «ሀ» እና «ለ» ከመስመሩ እኩል ከፍ ካሉ፣ የሚያገናኛቸው መስመር ከአግድሙ ጋር ትይዩ ስለሚሆን «መ» የሚባል ነጥብ የለም። ያኔ የሚገኘው አንድ ክብ ብቻ ነው፤ መስመሩን የሚነካውም ከሁለቱ ነጥቦች መካከል ቀጥታ በታች ነው። አንዱ ነጥብ ከመስመሩ በላይ፣ ሌላው በታች ከሆነ ደግሞ ምንም ክብ የለም። ምክንያቱም መስመርን የሚነካ ክብ በሙሉ የሚገኘው በመስመሩ አንድ ወገን ነው፤ ወደ ማዶ ልሻገር ካለ መስመሩን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ኮምፓስ ከማንሣታችን በፊት ነጥቦቹ የት እንዳሉ ማየት አለብን።

ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። የጴርጋው አፖሎንዮስ የዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ ነጥብን፣ መስመርንና ክብን ሦስት ሦስት እያደረገ «እነዚህን ሁሉ የሚነካ ክብ ሳሉ» የሚሉ 10 ዓይነት ጥያቄዎችን ፈትቶ ነበር። ነጥብ ከሆነ መንካት ማለት በነጥቡ ማለፍ ነው። ጴርጋ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናት። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ስለ እሱ የምናውቀው ጳጱስ የተባለ ሌላ ሊቅ በኋላ ከጻፈው ነው። የኛዋ «ሁለት ነጥብና አንድ መስመር» ከአሥሩ አንዷ ናት።

ለእናንተ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. «ሀ» እና «ለ» ሁለቱም ከመስመሩ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለዋል። በመካከላቸው 8 ሳንቲ ሜትር አለ። የክቡ ሬዲየስ ስንት ነው?
2. ከ«መ» እስከ «ሀ» 1፣ ከ«መ» እስከ «ለ» 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከ«መ» እስከ «ነ» ስንት ይሆናል?
3. «ሀ» ራሱ መስመሩ ላይ ቢሆን፣ «ለ» ግን ከላይ ቢሆን ስንት ክብ ይገኛል? ለምን?

መልሳችሁን ከነሥዕሉ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አስረክቡ። ትክክለኛውን መልስ በሚቀጥለው እትም ይዤ እቀርባለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑ!