እንቅልፍ ለራቀህ ልጄ

ልጄ፣ ሌሊቱን ጣራ ላይ አፍጥጠህ እንደምታድር ከሰማሁ ወዲህ ነገርህ ከሐሳቤ አልወጣም። እኔም ከእንቅልፍ እጦት ጋር ለብዙ ዓመታት ኖሬአለሁ። እንቅልፍ ተገድዶ አይመጣም፤ ቀኑን ሙሉ ግን መንገዱን ልትጠርግለት ትችላለህ። የምልህን በትዕግሥት ያዝ።

1. የምትነሣበትን ሰዓት አትቀያይር። 12 ሰዓት ተኩል ካልህ፣ ሌሊቱን ሳትተኛ ብታድርም በ12 ሰዓት ተኩል ተነሣ፤ እሑድም በዓልም ቢሆን። ነቅተን በቆየን ቁጥር የእንቅልፍ ፍላጎታችን እየተጠራቀመ ይሄዳል። እስከ ረፋድ የተኛ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ ቢጋደም የሚያስተኛው ድካም ገና አልሞላለትም። እንደተነሣህ ወደ ደጅ ውጣ፤ የጠዋት ብርሃን ዓይንህን ሲያገኘው ሰውነትህ ቀኑ መጀመሩን ያውቃል፤ ማታ የሚደክመውም በጊዜው ይሆናል።

2. ቡናህን ከቀትር በፊት ጨርስ። በአገራችን ከሁሉም የሚከብደው ምክር ይህ ነው። ነቅተን ስንውል አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ እየበዛ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል፤ ካፌይን ደግሞ አዴኖሲን ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክለዋል። በብዙ ሰው ላይ ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ 10 ሰዓት ላይ ጎረቤት ጠርቶህ የጠጣኸው፣ ማታ 4 ሰዓት ስትጋደም ግማሹ ገና በደምህ ውስጥ አለ። አቦሉ ከበረካው እንደሚከብድ የታወቀ ነው፤ ሦስቱንም የጨረሰ ሰው ግን በበረካው ቅጥነት አይጽናና። «እኔ ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚሉህም ሳይታወቃቸው እንቅልፋቸው ይሳሳል። ቢሆንም ከጥሪው አትቅር። ሄደህ ቁጭ በል፣ ቆሎውን ዝገን፣ ተጫወት፤ ሲኒውን ብቻ «እንቅልፍ እየነሣኝ ነው» ብለህ መልስ። ማንም አይቀየምህም።

3. ጫትን ተው። በውስጡ ያለው ካቲኖን እንቅልፍን የሚያባርር ነው። ለፈተና ወይም ለሌሊት መንገድ ብሎ ቅሞ፣ ምርቃናው አልለቅ ሲለው በመጠጥ ጨብሲ የሚያደርግ ወጣት ሳይ ልቤ ይሰበራል። መጠጥ ቶሎ ያጋድማል እንጂ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፉን እየቆራረጠ ይቀሰቅሳል፤ በማግስቱ ድካሙ እንደገና ወደ ጫቱ ይመልሳል።

4. አልጋህ የመኝታ ብቻ ይሁን፤ ስልክ፣ እራትና ሒሳብ አይግቡበት። ተጋድመህ 20 ደቂቃ ያህል አልፎ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሣ። አንድ ክፍል ተከራይተህ የምትኖር ከሆነ ጥግ ላይ ያለች ዱካ ትበቃለች። ደብዘዝ ባለ ብርሃን ዳዊት ድገም፣ ወይም ልብስ እጠፍ፤ ዓይንህ ሲከብድ ብቻ ተመለስ። አሁንም ካልመጣ እንደገና ተነሣ። ይህ ዘዴ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። አልጋ ላይ መጨነቅ ሲደጋገም ሰውነት አልጋውን ከጭንቀት ጋር ያያይዘዋል፤ ሶፋ ላይ ስታንጎላጅ ቆይተህ አልጋ ስትነካ ቁልጭ ብለህ የምትነቃው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። በእነዚያ ቀናት እንቅልፍ ከተጫጫነህ መኪና አትንዳ።

5. ሌሊት ሰዓት አትይ። «ሊነጋ ስንት ቀረኝ» የሚለው ስሌት ራሱ ያነቃል።

6. የነገን ሐሳብ ከእራት በፊት ወረቀት ላይ አስፍረው፦ የቤት ኪራዩን፣ የእቁቡን፣ ከአለቃህ ጋር የተጋጨኸውን፤ አጠገቡም ነገ የምታደርገውን አንድ ነገር ጻፍ።

7. ዘመድ የሰጠህን ክኒን አትዋጥ። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ሲቆዩ ሱስ ይሆናሉ። ለወራት ወስደህ ከሆነም በአንድ ቀን አታቋርጥ፤ አደጋ አለው፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንስህ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ እንቅልፍ እጦት ከመድኃኒት በፊት ያስቀደመው ልማድንና አስተሳሰብን የሚያርም ሕክምና ነው፤ እስካሁን ከነገርኩህ አብዛኛው በዚያ ውስጥ ያለ ነው።

8. ይህን ሁሉ አድርገህ፣ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለ3 ወር እንቅልፍ ካጣህ ወደ ሐኪም ሂድ። ስታንኮራፋ ትንፋሽህ እንደሚቋረጥ ከነገሩህም እንዲሁ። ሕይወት ካስጠላህ ወይም ሞት ካማረህ ግን አንድ ቀንም አትጠብቅ። የአእምሮ ሐኪም ማየት ነውር አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል ብለህ አትቅር። ብቻህን መሄድ ከከበደህ ንገረኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።