ዋሽንግተን ስትመጡ የምትሰሟቸው ቋንቋዎች

ትምህርት ሲዘጋ ብዙዎቻችሁ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ትመጣላችሁ፤ ከአገር ቤት ዘመድ የምትቀበሉም አላችሁ። እኔ ያደግሁት እዚሁ አካባቢ ነው፤ አሁን ነርሲንግ እማራለሁ። ስለዚህ በከተማው የሚነገሩትን ቋንቋዎች፣ ቀጥሎም ጉዳዩ ሆስፒታል ውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

እንግሊዝኛ የማይሠራበት ቦታ የለም። ቀጥሎ በብዛት የምትሰሙት ስፓኒሽ ነው፤ በተለይ ኮሎምቢያ ሃይትስና ማውንት ፕሌዛንት፣ በ1980ዎቹ ጦርነት ከኤል ሳልቫዶር የተሰደዱ ብዙ ቤተሰቦች የሰፈሩበት ነው። ወደ ቨርጂኒያ ስትሻገሩ አናንዴል ኮሪያኛ፣ ፎልስ ቸርች ያለው ኢደን ሴንተር ደግሞ ቬትናምኛ ትሰማላችሁ።

አማርኛ ግን ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ጀምሮ ይከተላችኋል፤ ዩ ስትሪት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ የመኪና ማቆሚያው ሁሉ። ሰው ስታሙ ተጠንቀቁ። ደግሞም ሐበሻ የመሰለ ሁሉ አማርኛ አይመርጥም፤ ትግርኛና አፋን ኦሮሞም በብዛት ይነገራሉ። «ሰላም» ብሎ መልሱን መጠበቅ ጥሩ ነው።

የማይሰማ ግን የሚታይ ቋንቋም አለ። ጋላውዴት፣ ሊንከን በ1864 ዲግሪ እንዲሰጥ የፈቀደለት መስማት የተሳናቸው ዩኒቨርሲቲ፣ እዚሁ ነው። አጠገቡ ኤች ስትሪት ላይ በ2018 በተከፈተው ስታርባክስ ቡና በምልክት ቋንቋ ይታዘዛል።

ከተማው በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥቷል። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው (የሚያንሰው ይወሰዳል) አንድ ቋንቋ ከተናገረ፣ ዋና ዋና ሰነዶቹ በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። አማርኛ ቅጽ የምታዩት ለዚህ ነው።

ሆስፒታልን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይበቃው ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ብዙ ጊዜ በስልክ ወይም በቪዲዮ። ነጻው አስተርጓሚው እንጂ ሕክምናው አይደለም፤ ለእንግዳችሁ የጉዞ ኢንሹራንስ አስቀድማችሁ ግዙ።

እዚህ ያደግን ልጆች «እኔ አስተረጉማለሁ» ማለት እንወዳለን። እኔ አልስማማም። እናት «ልቤን አጥወለወለኝ» ስትል አቅለሸለሸኝ ማለቷ ነው፤ ልብ የሚለውን ቃል በቃል ብንተረጉመው ሐኪሙ ሌላ ነገር ይሰማል። (ማቅለሽለሽም አንዳንዴ የልብ ሕመም ምልክት ስለሆነ፣ የተባለው በትክክል መድረስ አለበት።) «ምች መታኝ»ን ደግሞ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚጨርስ ካለ ይንገረኝ።

ከቃሉ የሚብሰው ይሉኝታው ነው። አክስት ስለ ማሕፀኗ ለወንድሟ ልጅ ምን ብላ ትንገረው? አባትስ ሽንት እንዳስቸገረው በሴት ልጁ አፍ እንዴት ያስነግራል? ዝም ይላሉ፤ ሐኪሙም ያልተነገረውን አያክምም። እኛም ክፉ ዜና ሲመጣ አለሳልሰን እናልፋለን። አጠገባቸው ቁጭ በሉ፣ እጃቸውን ያዙ፣ ትርጉሙን ግን ለባለሙያው ተዉት።

ዘመዳችሁ ብቻውን ቢሆን እንኳ እንዲችል ይህን አስጠኑት፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ»። ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚቀለው የራሱን ቋንቋ ስም ይጥራ፤ «ኢትዮጵያን» ብቻ ካለ የአማርኛ አስተርጓሚ ሊመጣለት ይችላል።