የተበከለን ቦታ በፈቃደኝነት ማጽዳት ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ በኮሎራዶ፣ ኦሮራ የሚኖሩ አንባቢ ላውንደሪ (የደረቅ እጥበት ቤት) የነበረ ቤት ሊገዙ ነው። መሬቱ ተበክሎ ከሆነ ጽዳቱ ከየት እንደሚጀመር ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ከግዢው ፊርማ በፊት። በአሜሪካ ሕግ የቦታውን ታሪክ ሳያስጠና የገዛ ሰው ሌላው ላፈሰሰው ኬሚካል ሊጠየቅ ይችላል።

የደረቅ እጥበት ዋና ጠንቅ ፐርክሎሮኢትሊን የተባለው የማጠቢያ ኬሚካል ነው። ከውሃ ስለሚከብድ በወለሉ ስንጥቅ ሰርጎ እስከ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል፤ ተኑ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ጎረቤት ክፍል ድረስ ይገባል። ስለዚህ የላይኛውን አፈር ዝቆ መጣል ብቻውን አይበቃም፤ ከአፈሩ፣ ከውሃውና ከወለሉ ሥር ካለው አየር ናሙና ይወሰድ።

ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1994 የፈቃደኝነት ጽዳት ሕግ አውጥታለች። ባለንብረቱ የምርመራውን ውጤትና ዕቅዱን ለግዛቱ የጤናና የአካባቢ መሥሪያ ቤት ያቀርባል። የጽዳቱን ልክ የሚወስነው የቦታው የወደፊት አገልግሎት ነው፤ ሕፃናት የሚውሉበት ቤት ከመጋዘን ይበልጥ መጥራት አለበት።